ማንጎ ማንጎ የሚለው ሰንደል፤ መዓዛውን በምን እንመዝነው?



በዚህ ወር የጤናና የአመጋገብ አምዳችን ስለማይበላ "ፍራፍሬ" እንነጋገራለን። ማንጎ፣ እንጆሪ፣ ብርቱካን፣ ሙዝ፣ አናናስ፣ ኮክ እየተባለ በየሰፈሩ ሱቅ፣ በየጉሊቱና በሱቅ በደረቴዎች እጅ ስለሚሸጠው ርካሽ ሰንደል ነው። ቡና ሲፈላ፣ እንግዳ ሲጠበቅ፣ ቤት ለጁሙዓ ሲጸዳ ክብሪት ጭሮ አንድ ሁለቱን መለኮስ በብዙዎቻችን ቤት የተለመደ ነው። ከዑድና ከጥሩ ቡኹር ጋር ሲነጻጸር ዋጋው ለኪስ አይከብድም።

ታዲያ ይህን ሰንደል ስንገዛ እንዴት ነው የምንመርጠው? አብዛኞቻችን ማሸጊያውን ወደ አፍንጫችን አስጠግተን እናሸትና "ይሄኛው ማንጎ ማንጎ ይላል፣ ያኛው ምንም አይልም" ብለን እንወስናለን። ይህ ምዘና መጥፎ አይደለም፤ ግን ግማሽ ነው። ምክንያቱ ሁለት ነው። አንደኛ፣ ከማሸጊያው የሚወጣው ጠረንና ሰንደሉ ከተለኮሰ በኋላ ቤቱን የሚሞላው ጠረን አንድ አይደሉም። ሁለተኛ፣ አፍንጫ የሚዳኘው መዓዛውን ነው፤ ጢሱን የሚቀበለው ግን ሳንባ ነው። ስለዚህ የሰንደልን መዓዛ በትክክል መመዘን የፈለገ ሰው አፍንጫውንም ደረቱንም መጠየቅ አለበት። እንዴት እንደሆነ በየተራ እንመልከት።

መልካም መዓዛ በዲናችን

በመጀመሪያ አንድ ነገር ግልጽ ይሁን። ዓላማችን "ሽቶና ዕጣን ተው" ማለት አይደለም። ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) መልካም መዓዛን የሚወዱ፣ ሽቶ ሲሰጧቸውም የማይመልሱ እንደነበሩ በሐዲስ የታወቀ ነው። ዐብደላህ ኢብኑ ዑመር (ረ.ዐ) አንዳንዴ ዑዱን ብቻውን፣ አንዳንዴም ከካፉር ጋር አድርገው ይታጠኑ እንደነበር፣ የአላህ መልእክተኛም (ሰ.ዐ.ወ) እንዲሁ ያደርጉ እንደነበር መናገራቸው በሶሒሕ ሙስሊም ተዘግቧል። መስጂዶች እንዲጸዱና መልካም መዓዛ እንዲኖራቸው መታዘዙንም እናታችን ዓኢሻ (ረ.ዐ) አስተላልፈዋል። ከታቢዒዮች መካከል ኑዐይም "አል-ሙጅሚር" የሚል መጠሪያ ያገኙት የነቢዩን (ሰ.ዐ.ወ) መስጂድ ከማጠን ሥራ ጋር በተያያዘ ነው።

ይኸው ዲናችን ግን ሰው ሰውን እንዳይጎዳ አጥብቆ ያስተምራል። ነጭ ሽንኩርትና ቀይ ሽንኩርት በልቶ ጠረኑ አፉ ላይ ያለ ሰው ወደ መስጂድ እንዳይቀርብ የተነገረው ጠረኑ ሌሎችን ስለሚያስቸግር ነው። ሽንኩርት ሐላል ምግብ መሆኑ ይህን አልቀየረውም። መልካም መዓዛም እንዲሁ ነው። ለአንዱ ደስታ ሆኖ ለሌላው የሳል መነሻ ከሆነ ሊታሰብበት ይገባል።

ሰንደል ከምን ይሠራል?

በዓለም ገበያ ላይ ያለው ሰንደል በብዛት የሚሠራው በሕንድ ሲሆን፣ በካርናታካ ክፍለ ሀገር ያሉት ማይሶርና ባንጋሎር በዚህ ሙያ ስመ ጥር ናቸው። አሠራሩ በጥቅሉ ሁለት ዓይነት ነው።

የመጀመሪያው "ማሳላ" የሚባለው ነው። የሰንደል እንጨት ዱቄት፣ ሙጫ፣ የቅመምና የአበባ ዱቄት አንድ ላይ ተቦክቶ በቀጭን የቀርከሃ ስንጥር ላይ ይድቦለቦላል። መዓዛው ከሊጡ ውስጥ ነው። ይህኛው ጊዜና ዕቃ ስለሚፈጅ ዋጋው ከፍ ይላል።

ሁለተኛው የተነከረ ሰንደል ነው። የከሰል ዱቄት፣ የእንጨት ብናኝና የሚያጣብቅ የዛፍ ቅርፊት ዱቄት በውኃ ተለውሶ በቀርከሃው ላይ ይለጠፍና ይደርቃል። በዚህ ደረጃ ላይ ይህ ነው የሚባል መዓዛ የለውም። ከዚያ በኋላ በፈሳሽ ሽቶ ውስጥ ይነከራል። ሽቶው ብቻውን ውድ ስለሆነ "ዳይኢታይል ፍታሌት"ን በመሳሰሉ ርካሽ ፈሳሾች ይቀጥናል። ርካሽ የፍራፍሬ ሰንደሎች በአብዛኛው ከዚህ ወገን ናቸው። ማንጎው፣ እንጆሪውና አናናሱ ከአንድ ፋብሪካ ከወጡ እንጨታቸው አንድ ሊሆን ይችላል፤ የሚለያዩት በተነከሩበት ፈሳሽ ነው።

ይህን ማወቅ ለምን ይጠቅማል? ሰንደል ስንለኩስ የሚነደው ሽቶው ብቻ እንዳልሆነ ስለሚያስረዳን ነው። ቀርከሃው፣ ከሰሉ፣ የእንጨት ብናኙ፣ ማጣበቂያውና ማቅጠኛው ሁሉ አብረው ይነዳሉ።

"ማንጎው" ከየት መጣ?

አንዳንድ ማሸጊያ ላይ "ከተፈጥሮ ፍራፍሬ ዘይት የተሠራ" የሚል ጽሑፍ ይታያል። ለብርቱካንና ለሎሚ ይህ ሊሆን ይችላል፤ ልጣጫቸው ተጨምቆ መዓዛማ ዘይት ይወጣዋልና። ብርቱካን ስትልጡ እጃችሁ ላይ የሚረጨው ያ ዘይት ነው። ከማንጎ፣ ከእንጆሪ፣ ከሙዝ ወይም ከፖም ሥጋ ግን ለሰንደል የሚሆን እንዲህ ያለ ዘይት ተጨምቆ አይገኝም። የእነዚህ መዓዛ የሚዘጋጀው በላቦራቶሪ ነው።

ሙዝን ሙዝ የሚያሰኘው ዋናው ጠረን "አይሶአሚል አሲቴት" የተባለ ውሕድ ነው። የአናናስ ጠረን ውስጥ "ኢታይል ቡቲሬት" አለ፤ የብርቱካን ልጣጭ ዘይት አብዛኛው ክፍል "ሊሞኒን" ነው። ለእንጆሪ ጠረን በሰፊው ከሚሠራባቸው ውሕዶች አንዱ ደግሞ በተፈጥሮ እንጆሪ ውስጥ ጨርሶ የሌለ ነው። ጉዳዩ የትናንት አይደለም፤ እ.ኤ.አ. በ1851 ለንደን በተካሄደው ታላቁ ዐውደ ርእይ ላይ በኬሚስቶች የተሠሩ የፍራፍሬ ጠረኖች ለሕዝብ ቀርበው ነበር። ዛሬ ልጆቻችን የሚበሏት ከረሜላና የሚጠጡት ባለቀለም ጭማቂም በእነዚሁ የታጀቡ ናቸው።

"ኬሚካል ነው" ማለት ብቻውን "መርዝ ነው" ማለት አይደለም። በእውነተኛው ሙዝ ውስጥም ያው ውሕድ አለ። "ተፈጥሯዊ ነው" ማለትም "አይጎዳም" ማለት አይደለም። ትልቁ ቁም ነገር ሌላ ነው፦ ለመብላት ወይም ለማሽተት ችግር የሌለበት ነገር ሲቃጠል ሌላ ነገር ይሆናል። ስኳር ስንበላው ጣፋጭ ነው፤ ድስት ላይ ሲያርር ግን ዓይን ያስለቅሳል።

ሲለኮስ ለምን ይለወጣል?

ሰንደል መዓዛ የሚሰጠው ከሚነደው ጫፉ ሳይሆን ከፍሙ ትንሽ ዝቅ ብሎ ካለው ቦታ ነው። ያ ቦታ ሽቶውን ለማትነን የሚበቃ ሙቀት አለው፤ ግን ገና አልነደደም። ፍሙ ላይ የደረሰው ሽቶ ግን ይቃጠላል።

የፍራፍሬ ጠረኖች አብዛኞቹ ቀላልና በራሪ ናቸው። የአናናሱ ኢታይል ቡቲሬት በ121 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ይፈላል፤ የሙዙ አይሶአሚል አሲቴት በ142፤ የብርቱካኑ ሊሞኒን በ176። የኮክ ጠረን የሚሰጠው ውሕድ ግን ከ280 ዲግሪ በላይ ካልሆነ አይፈላም። እንግዲህ ቀላሎቹ ገና ሱቅ መደርደሪያ ላይ እያሉ ቀስ በቀስ ይተናሉ፤ ሲለኮሱም በመጀመሪያዎቹ ደቂቃዎች ውስጥ ቦግ ብለው ይጠፋሉ። ከባዶቹ ረጋ ብለው ይቆያሉ።

ስለዚህ በማሸጊያው ውስጥ በጣም የሚማርኩት ሙዝ፣ አናናስ፣ ፖምና ሎሚ ሲለኮሱ ብዙ ጊዜ ያሳፍራሉ፤ ጠረናቸው ያልቅና የተቃጠለ እንጨት ሽታ ይቀራል። በማሸጊያው ውስጥ ያን ያህል የማይጮኹት ኮክ፣ ኮኮናትና ቫኒላ የተቀላቀለበት እንጆሪ ሲለኮሱ የተሻለ ይጸናሉ። አንድ ቤተሰብ "ሱቅ ውስጥ ግሩም ነበር፤ ቤት ስናመጣው ከዳን" የሚለው ነጋዴው ስላታለለው ላይሆን ይችላል፤ የፍሬው ጠባይ ነው።

ስንገዛ ምን እንይ?

አንደኛ፣ የተቀመጠበትን ቦታ እንይ። ፀሐይ ላይ ተሰጥቶ የዋለ ሰንደል ጠረኑን ፀሐይ በልታዋለች። በጥላ ያለ፣ የውስጥ ላስቲኩ ያልተቀደደ ይመረጣል። ከታሸገው ማሸጊያ ውጭ አካባቢውን የሚያውድ ከሆነም ጠረኑ እያመለጠ ነው ማለት ነውና ለወራት ሊቀመጥ አይገዛም።

ሁለተኛ፣ ቀለሙ አያታልለን። ቀይ መሆኑ እንጆሪ፣ ብጫ መሆኑ ማንጎ አያደርገውም። ማቅለሚያው ለመዓዛው የሚጨምረው የለም፤ ከሚነዱት ነገሮች ላይ አንድ ይጨምራል እንጂ።

ሦስተኛ፣ በጣት እንዳስሰው። ልባሱ ሳይፈረፈር የተያያዘና ደረቅ መሆን አለበት። ጣት ላይ ዘይት የሚተው ከሆነ ፈሳሹ በዝቶበታል፤ እየጠፋ ያስቸግራል፣ ሲነድም ጢሱ ይወፍራል።

አራተኛ፣ ስናሸት ከፍሬው ጀርባ ያለውን እናዳምጥ። የጥፍር ቀለም ወይም የቀለም ማቅጠኛ የሚመስል ስለታም ጠረን ካለ ይቅርብን። በተለይ ሙዝ ነኝ የሚለው ሲበዛበት የጥፍር ቀለም ጠረን ያመጣል።

አምስተኛ፣ ማሸጊያውን እናንብብ። የአምራቹ ስም፣ የተሠራበት አገርና ቀን የሌለበትን እንተው። "መቶ በመቶ የማንጎ ዘይት" የሚልም ከላይ እንዳየነው አጉል ጉራ ነው።

ስድስተኛ፣ መጀመሪያ አንዱን ብቻ ገዝተን እንሞክር። በጅምላ ሲገዛ ዋጋው ይቀንሳል ተብሎ ያልተሞከረ ደርዘን መሸከም ቁጠባ አይደለም።

ቤት ውስጥ እንዴት ይፈተናል?

ወጥ በማይሠራበት፣ ቡና በማይቆላበት ሰዓት፣ ልጆችና የመተንፈስ ችግር ያለባቸው ሰዎች በሌሉበት ክፍል፣ መስኮት ከፍታችሁ አንዷን ብቻ ለኩሱ። ነበልባሉ ጠፍቶ ፍም ሲሆን ከክፍሉ ውጡ። አፍንጫን ጢሱ ላይ ደቅኖ መሳብ ፈተና አይደለም፤ ጉዳት ነው።

ለምን እንወጣለን? አፍንጫ ቶሎ ይለምዳል። በአንድ ጠረን ውስጥ ጥቂት ደቂቃ የቆየ ሰው ጠረኑ የጠፋ ይመስለዋል፤ ሳይጠፋ ሁለተኛውንና ሦስተኛውን የሚለኩሰው ለዚህ ነው። ሽቶ ሻጮች አፍንጫን ለማደስ የቡና ፍሬ ያሸታሉ፤ እ.ኤ.አ. በ2011 በታተመ አንድ ጥናት ግን ቡናው ከተራ አየር የተሻለ ሆኖ አልተገኘም። ስለዚህ አሥር ደቂቃ ያህል ደጅ ንጹሕ አየር ላይ ቆዩና ተመለሱ። እውነተኛውን ፍርድ የሚሰጡት የመጀመሪያዎቹ ሁለት ሦስት ትንፋሾች ናቸው። በእነሱ ላይ ሆናችሁ አራት ጥያቄዎችን ጠይቁ።

ስሙን ይመስላል ወይ? ከውጭ የመጣ ሌላ ሰው ጥሩና የማሸጊያውን ስም ሳትነግሩት "ምን ይሸትሃል?" በሉት። ስሙን ቀድሞ ያወቀ ሰው ማንጎ ባይኖርም ማንጎ ይሸተዋል። "አንድ ጣፋጭ ነገር" ካላችሁ መጥፎ አይደለም፤ "የተቃጠለ ወረቀት" ካላችሁ ግን ጉዳዩ አልቋል።

ከፍሬው ኋላ ምን አለ? የመጀመሪያውን ሲሶ ከመጨረሻው ሲሶ ጋር አነጻጽሩ። ጥሩው ሰንደል ጠረኑ ቢቀንስም መልኩን አይቀይርም። መጥፎው በማንጎ ጀምሮ በላስቲክ ወይም ባረረ ስኳር ሽታ ይጨርሳል።

ይቆጠቁጣል ወይ? ይህ ዋናው ነው። ዓይን ማቃጠል፣ አፍንጫ መቆጥቆጥ፣ ጉሮሮ መከርከር ሽታ አይደሉም። ሽታን የሚሸከመው ነርቭ ሌላ ነው፤ ማቃጠልን የሚያስታውቀው ደግሞ ሌላ። የቆጠቆጠ ሰንደል የቱንም ያህል ቢያውድ፣ ሰውነታችን "በቃኝ" ብሎ ተናግሯልና ወድቋል።

ነገ ጠዋት ምን ይተዋል? ክፍሉ ውስጥ ንጹሕ ነጭ ጨርቅ ሰቅላችሁ እደሩና ጠዋት አሽቱት። ለስለስ ያለ ጠረን ካለ መልካም፤ የሲጋራ መተርኮሻ ሽታ ካለ መጋረጃችሁ፣ መስገጃችሁና የልጆቹ ልብስም ያንኑ ይዘዋል ማለት ነው።

የአፍንጫ ዳኝነት የማይደርስበት

እስከ አሁን ያልነው ጥሩ የሚሸተውን ከመጥፎው ለመለየት ነው። ፈተናውን ሁሉ ያለፈ ሰንደልም ቢሆን ግን ይጨሳል፤ ጢሱም በዓይን የማይታይ ደቃቅ ብናኝ ይዟል። ይህ ብናኝ የራሱ ሽታ ስለሌለው አፍንጫ አይለየውም። ጥልቅ ወደ ሳንባ ይገባል። እ.ኤ.አ. በ1996 የታተመ ጥናት አንድ ግራም ዕጣን ሲነድ ከ45 ሚሊ ግራም በላይ ብናኝ እንደሚወጣው፣ ከአንድ ግራም ሲጋራ የሚወጣው ግን 10 ሚሊ ግራም ያህል መሆኑን ለክቷል። ይህ ማለት ሰንደል ከሲጋራ ይብሳል ማለት አይደለም፤ አጫሹ ጢሱን በቀጥታ ይስባል፣ የሰንደሉ ጢስ በክፍሉ ይበተናል። ነገር ግን መዓዛ ስላለው ብቻ ጢሱ ቀላል ነው የሚለውን ግምት ያፈርሰዋል።

በሒሳብ እንየው። ሦስት ሜትር በአራት ሜትር የሆነ፣ ጣሪያው ሁለት ሜትር ተኩል ከፍታ ያለው ክፍል 30 ሜትር ኩብ አየር ይይዛል። መስኮትና በሩ ተዘግቶ አንድ ግራም ሰንደል ቢነድና 45 ሚሊ ግራሙ ብናኝ አየሩ ላይ ቢቀር፣ በአንድ ሜትር ኩብ 1500 ማይክሮ ግራም ይሆናል። የዓለም የጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2021 ባወጣው መመሪያ ለ24 ሰዓት አማካይ ያስቀመጠው መጠን 15 ማይክሮ ግራም ነው። እርግጥ ብናኙ በክፍተት ይወጣል፣ ወለል ላይም ያርፋል፤ ቁጥሩም ከሰንደል ሰንደል ይለያያል። ሆኖም ርቀቱ ምን ያህል እንደሆነ፣ የተከፈተ መስኮትም ምን ያህል ዋጋ እንዳለው ያሳያል።

በሲንጋፖር ከ61 ሺህ በላይ ሰዎችን ለዓመታት ተከታትሎ እ.ኤ.አ. በ2008 የታተመ ጥናት፣ ለረጅም ዘመን ቤታቸው ውስጥ ዕጣን አዘውትረው ያጨሱ ሰዎች በላይኛው የመተንፈሻ አካል ካንሰርና በአንድ ዓይነት የሳንባ ካንሰር የመያዝ ዕድላቸው ከፍ ብሎ ተገኝቷል። ይህ የዕለት ተዕለትና የብዙ ዓመት ልማድን የሚመለከት እንጂ በወር አንዴ ለእንግዳ የሚለኮሰውን አይደለም። ለእኛ ይበልጥ የሚቀርበው እ.ኤ.አ. በ2009 የታተመው የኦማን ጥናት ነው። በሁለት አካባቢዎች ያሉ ተማሪዎችን ያጠናው ቡድን፣ ቡኹር ማጨስ በልጆች መካከል የአስም ሕሙማንን ቁጥር ከፍ አድርጎ አላገኘውም፤ አስም ባለባቸው ልጆች ላይ ግን ሲርሲርታን ከሚቀሰቅሱ የተለመዱ ነገሮች አንዱ ሆኖ አግኝቶታል።

ይህ ለወላጅ ትልቅ ትምህርት ነው። አስም ላለበት ልጅ ውድ ዑድም ሆነ ርካሽ ማንጎ ሰንደል ልዩነት የለውም። ለሕፃናት፣ ለነፍሰ ጡሮች፣ ለአረጋውያንና ለልብ ሕሙማንም ጥንቃቄው ይበልጣል። ሌሊት የሚያስል፣ ሲጫወት ቶሎ የሚደክም፣ ደረቱ የሚያፏጭ ልጅ ካላችሁ ለሁለት ሳምንት ቤቱን ከማናቸውም ጢስ አሳርፋችሁ ለውጡን ተመልከቱ፤ ሐኪም ዘንድ ስትሄዱም የሰንደሉን ነገር ሳትረሱ ንገሩት። ይህ ግን የታዘዘለትን መድኃኒት አይተካም፤ ትንፋሽ ካጠረው ሳይውል ሳያድር ወደ ጤና ተቋም ይወሰድ።

በቤታችን

ማርም ሲበዛ ይመራል። አንዷ ለአንድ ክፍል ትበቃለች፤ ግማሿም ብዙ ጊዜ በቂ ናት። ግማሽ ስትደርስ ጫፏን አሸዋ ውስጥ ሰክቶ ማጥፋት ይቻላል። ስትለኩሱ ፊት ለፊት ያሉ ሁለት ክፍተቶችን፣ ለምሳሌ በርና መስኮት፣ ክፈቱ። ይበልጥ የሚሻለው ሰው ከመግባቱ በፊት አጭሶ፣ አየር አስገብቶ፣ ጢሱ ሲወጣ መዓዛው በቀረበት መቀመጥ ነው።

ከሰል፣ ዕጣንና ሰንደል በአንድ ላይ በተዘጋ ክፍል ውስጥ አይሁኑ። የከሰል ጭስ ውስጥ ያለው ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታ የለውም፤ ሰው ይገድላል። ሰንደሉ ደግሞ "ቤቱ መልካም ሸተተ" በሚል መዘናጋትን ይጨምራል።

በምግብ ሰዓት ሰንደል አይለኮስ። የምግብን ጣዕም በአብዛኛው የምንለየው በአፍንጫችን ነው፤ በጢስ የተሞላ አፍንጫ የወጡን ለዛ አያውቅም፣ የተበላሸ ወተት ወይም ሥጋንም ቶሎ አይነቃበትም። የመጥፎ ሽታ መነሻን ሳያጸዱ በሰንደል መሸፈንም እንዲሁ ነው፤ የረጠበ ምንጣፍና የሞላ ቆሻሻ ማጠቢያና መድፊያ እንጂ መዓዛ አይፈልግም።

ፍራፍሬ ፍራፍሬ የሚሸት ነገር ለሕፃን ከረሜላ ነው። ሰንደሉ እጃቸው ከማይደርስበት ይቀመጥ። ስትለኩሱም አመዱን የሚቀበል ማቆሚያ ላይ፣ ከመጋረጃና ከፍራሽ ራቅ አድርጉት። እየነደደ ትቶ መተኛት ፈጽሞ አይገባም፤ ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) ስንተኛ እሳት እንድናጠፋ አዘዋል፤ ይህም የተነገረው በመዲና አንድ ቤት በሌሊት በተቃጠለ ጊዜ ነው። በረመዳን ቀንም ጾመኛ እንዳይዘነጋ፤ በርካታ የፊቅህ ሊቃውንት ጢስን ሆን ብሎ ወደ ውስጥ መሳብ ጾምን እንደሚያበላሽ ተናግረዋል። ዝርዝሩን ከኡስታዞቻችሁ ጠይቁ።

በመስጂዳችን

መስጂድን ማሽተት ሱንና ነው። ግን ቤታችን ውስጥ አምስት ሰው ሲኖር በጁሙዓና በተራዊሕ ሶፍ ላይ መቶዎች አሉ፤ ከእነሱ መካከል አስም ያለበት መኖሩ አይቀርም። እሱ "ሰንደሉን አጥፉልኝ" ብሎ ኢማሙን አያስቸግርም፤ ዝም ብሎ ቤቱ መስገድ ይጀምራል። አንድ ሰጋጅ በሽታው ሳያስቀረው የኛ ሰንደል ከጀመዓ ቢያስቀረው ኪሳራው የማን ነው?

መፍትሔው ቀላል ነው። የሚያጨሰው ወንድም ሰው ከመሰብሰቡ በቂ ጊዜ ቀደም ብሎ በተከፈተ መስኮት ያጭስ፤ ከአዛን በፊት ያጥፋ። በሶላትና በኹጥባ መሐል የሚጨስ ነገር አይኑር። የሴቶች መስገጃ በብዙ መስጂዶች ጠበብ ያለና መስኮቱ ያነሰ በመሆኑ፣ እናቶችም ሕፃናት ይዘው የሚገቡት እዚያው ስለሆነ፣ በዚያ ክፍል ጨርሶ ባይጨስ ይመረጣል። ለመስጂድ ሰንደል ገዝቶ ሰደቃ መስጠት የሚፈልግ ሰው ደግሞ ከአሥር ርካሽ ማሸጊያ ይልቅ አንድ ንጹሕ ምንጣፍ ማጠቢያ ሳሙና ቢሰጥ አጅሩ አይቀንስበትም፣ ኢንሻአላህ።

ብርቱካኑስ?

ጢስ ለማይስማማቸው ቤቶች ሌላ መንገድ አለ። የብርቱካን ልጣጭ፣ ቁራጭ ቀረፋና ሁለት ሦስት ፍሬ ቅርንፉድ በትንሽ ድስት ውኃ ላይ ጥዶ በዝግታ እሳት ማንተክተክ ቤቱን ሳያጨስ ያውዳል። ውኃው እንዳያልቅና እንዳያርር ብቻ ይጠበቅ። ይህም ቢሆን የሚያስነጥሰው ሰው ካለ ይቁም። ልብስ ላይ ጥቂት ዐጥር መንካትም ጢስ የለበትም።

ከሁሉም የሚበልጠው ግን ይህ ነው፦ ለሰንደል የሚወጣው ገንዘብ ትንሽ ቢሆንም በወር ሲደመር የጥቂት ኪሎ ብርቱካን ወይም ሙዝ ዋጋ ሊሆን ይችላል። የፍራፍሬው ጥቅም ከመዓዛው ይልቅ በውስጡ ባሉት ቫይታሚንና አሰር ነው። ፍሬውን ልጆቹ ይብሉት፤ ልጣጩ ቤቱን ያሽትት። እውነተኛ ብርቱካን የሚሸተው ቤት እንዲህ ያለው ነው።

አላህ (ሱ.ወ) ቤቶቻችንንና መስጂዶቻችንን በመልካም ነገር ያውድልን፤ የልጆቻችንን ጤና ይጠብቅልን። አሚን።